ብቻውን የሚጫወት ሰው ለማን ይጫወታል?

ስለ ኪነ ጥበብ ማኅበራዊ ግዴታ በተነሣ ቁጥር «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው አባባል መጠቀሱ አይቀርም። አባባሉ እውነት ነው። ነገር ግን የሚናገረው ስለ ድሩ እንጂ ስለ ፈታይዋ አይደለም። እያንዳንዱን ክር የፈተለችው ሴት እንዝርቷን ይዛ፣ ምናልባትም ቤተሰቡ ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ ብቻዋን የተቀመጠች ናት፤ ድሩ ያበረው በኋላ ነው። በሙዚቃው ዓለምም የሚነሣው ጥያቄ ከዚህ አይርቅም። አንድ ሰው በሩን ዘግቶ የዜማውንም፣ የአጃቢውንም፣ የምቱንም ድምፅ ራሱ አውጥቶ፣ አንዱን በሌላው ላይ ደራርቦ አልበም ቢያወጣ፣ ሥራው የግለኝነት ፍሬ ነው ወይስ የጋራ ሀብት? ብቻውን የሚጫወት ሰውስ ለማን ይጫወታል?

ጥያቄው ለወሎ ሰው በመጀመሪያ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ ዘፈን ማለት ከጥንት ጀምሮ አውጪና ተቀባይ ያለው ነገር ነው። በሠርግ ቤት አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ የቀረው ያጨበጭባል፤ ዳር ቆሞ የሚመለከት ቢኖር እንኳ እግሩ መሬት መምታቱ አይቀርም። በመንዙማውም ሥርዓቱ ይኸው ነው፤ መሪው ግጥሙን ያወርዳል፣ ጀማው ድቤ እየተመታ አዝማቹን ይመልሳል። አዝማሪው እንኳ ቢሆን ብቻውን አይደለም። አንድ ሰው፣ አንድ የጭራ ክር ያላት መሰንቆ፣ አንድ ድምፅ፤ ከሩቅ ለሚያየው ፍጹም ብቸኛ ተጫዋች ይመስላል። ይሁን እንጂ ከታዳሚው መካከል አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውርለታል፤ አዝማሪው ስንኙን ተቀብሎ ዜማ አልብሶ ለቤቱ ሁሉ ይመልሰዋል። የተወረወረው ግጥም ሙገሳም ይሁን ስድብ፣ ሰሙ ላይ የሚቀርም ይሁን ወርቅ ያለው፣ ማን እንደ ገጠመው በማግሥቱ የሚያስታውስ የለም። ከአንድ ሰው አፍ ወጥቶ በሌላ ሰው አፍ በመመለሱ ብቻ የሁሉም ሆኗል።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በየቀበሌው፣ በየፋብሪካውና በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ሲቋቋሙ፣ በደሴም የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ስም ሲያወጣ፣ ይህ ነባር ልማድ አዲስ ቋንቋ ተሰጠው። ኪነት የብዙኃን ናት፤ ስለዚህ በብዙኃን መሠራት አለባት ተባለ። ከሁለቱ ሐሳቦች የመጀመሪያው ትክክል ነው። ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው አይከተልም፤ የአንድ ሥራ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ስንት እጅ እንደሠራው መቁጠር በቂ አይደለምና። በዚያን ጊዜ የነበረው ክርክር በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ አልቆየበትም፤ ሊቆይበት ይገባ ነበር።

የብቸኛውን ተጫዋች ነገር ያወሳሰበው መሣሪያ ነው። የመቅረጫ ቴፕ ጎን ለጎን በሚሄዱ መስመሮች መከፈል ከጀመረ በኋላ፣ አንድ ሰው በመጀመሪያው መስመር ላይ ምቱን ቀርጾ፣ ያንን በጆሮው እያዳመጠ በሁለተኛው ላይ ባሱን፣ በሦስተኛው ላይ ኦርጋኑን መጨመር ቻለ። አሜሪካዊው ጊታር ተጫዋች ሌስ ፖል ድምፅን በድምፅ ላይ የመደረብ ሙከራውን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ በሸክላ አሰምቷል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የሮበርት ሙግ ሲንተሳይዘር ታከለበት፤ በአንድ ኪቦርድ ላይ ዋሽንት የሚመስለውም፣ መለከት የሚመስለውም፣ ምንም የማይመስለውም ድምፅ ከአንድ ሰው ጣት ሥር ይወጣ ጀመር። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ በእንግሊዝ አገር ኪንግ ክሪምሰንና ጄነሲስን የመሳሰሉ ቡድኖች ሦስት ደቂቃ የምትፈጀውን የሮክ ዘፈን አስፍተው፣ ከክላሲካል ሙዚቃና ከጃዝ እየተበደሩ፣ የሸክላን አንድ ገጽ የሚሞላ ድርሰት እስከ መጻፍ ደረሱ። ይህ ስልት ፕሮግረሲቭ ሮክ ተባለ። ቃሉ በቀጥታ ሲመለስ ተራማጅ ማለት ነው፤ ሆኖም ይህ ቃል በኢትዮጵያ በነበረው የፖለቲካ ትርጉም መወሰድ የለበትም፤ እዚያ የተራመደው በዋናው ቅርጹ ነበር።

ከዚህ ስልት የወጣው እጅግ የታወቀ የብቸኛ ተጫዋች የመጀመሪያ አልበም «ቱቡላር ቤልስ» ነው። ማይክ ኦልድፊልድ የተባለው እንግሊዛዊ ሥራውን ሲቀርጽ ገና 19 ዓመቱ ነበር። ቤቱ ውስጥ በቴፕ መቅረጫ ያዘጋጀውን ናሙና ይዞ የሸክላ አሳታሚዎችን ደጅ ጠንቶ፣ ተቀባይ አጥቶ ቆይቷል። በመጨረሻ ሥራው እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1973 ለገበያ ሲቀርብ፣ የቨርጂን ኩባንያ የመጀመሪያ ሸክላ ሆነ። ከሞላ ጎደል ሁሉንም መሣሪያ የተጫወተው ራሱ ነው። የሚያስደንቀው ግን የመጀመሪያው ገጽ መጨረሻ ነው። በዚያ ላይ አንድ ድምፅ፣ በግብር ቤት እንግዳ እንደሚያስገባ አጋፋሪ፣ መሣሪያዎቹን በየስማቸው እየጠራ ያስገባቸዋል፤ አንዱ ሲጠራ ይገባል፣ ቦታውን ይይዛል፣ ቀጣዩ ይጠራል፤ በመጨረሻም አልበሙ ስሙን ያገኘበት ቱቦ ደወል ይመታል። የገቡት እንግዶች ሁሉ ያው አንዱ ወጣት ናቸው። ብቻውን የሠራው ሰው ድግስ ደገሰ፤ ከጠሪው ሌላ ሰው ስላልነበረው ራሱን በየመልኩ እየቀያየረ ጋበዘ። በቀጣዩ ወር በለንደን አዳራሽ ሥራው ለሕዝብ ሲቀርብ ግን መድረኩን ለመሙላት በርካታ ሙዚቀኞች አስፈለጉ። ሥራው ከመጀመሪያውም የብዙ ሰው ቅርጽ ነበረው።

በኢትዮጵያ ለዚህ የሚቀርበው ሥራ የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ» ነው። ሥራው ፕሮግረሲቭ ሮክ ነው ማለት አይቻልም፤ ረጃጅም ድርሰቶች የሉትም፣ የሮክ ጊታርም አይሰማበትም። ዝምድናው በሌላ በኩል ነው፤ አንድ ሰው፣ ሲንተሳይዘር፣ ድርብ ቅጂ፣ የአገር ዜማን በማይጠበቅ ቅርጽ ማቆም። ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1946 በደብረ ብርሃን ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ መጣ። ገና በአፍላ ዕድሜው በጦር ሠራዊቱ ውስጥ ሙዚቃን ቀምሶ፣ አኮርዲዮንን በራሱ ጥረት ተማረ። ከዚያ በኋላ የታወቀው በዋልያስ ባንድ ነው። ባንዱ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫውቷል፤ በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ አወጣ፤ በውስጡ ያለው የግርማ በየነ ድርሰት «ሙዚቃዊ ስልት» ከዚያ ወዲህ በብዙ የዓለም ባንዶች ተጫውቷል። በሚቀጥለው ዓመት ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ሠራ። ይህ ሁሉ የባንድ ሥራ ነበር።

ስለ ባንድ ሲነሣ ስለ ሰዓት እላፊው ማንሣት ተገቢ ነው። በደርግ ዘመን የአዲስ አበባ ሌሊት በሰዓት እላፊ በተያዘበት ወቅት፣ ወደ ጭፈራ ቤት የገባ ሰው እስኪነጋ ድረስ መውጣት አይችልም ነበር። ሙዚቀኛውም ታዳሚውም በአንድ ጣሪያ ሥር አብረው ያነጋሉ። ሙዚቃው ጥሩ ነበር፤ ጭፈራውም እንዲሁ። ነገር ግን የሰው ብዛትን ብቻ አይቶ ኅብረትን የሚመሰክር ታዛቢ በዚያ ቤት ቢገኝ፣ በሩ ከውጭ ምን እንደ ዘጋው መጠየቅ ይኖርበት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ወደ አሜሪካ ለዝግጅት ሄደ። ከባንዱ አባላት ከፊሉ ሲመለሱ ኃይሉ ከቀሩት ጋር በዋሽንግተን ቀረ። በ1985 በዚያው አካባቢ በምትገኝ ትንሽ ስቱዲዮ ገብቶ ብቻውን አንድ ካሴት ቀረጸ፤ ሙሉ ርዕሱ «ኃይሉ መርጊያና ክላሲካል መሣሪያው፤ ሸሞንሟናዬ» ይላል። ክላሲካል የተባለው መሣሪያ አኮርዲዮኑ ነው። አኮርዲዮን ከኤሌክትሪክ ኦርጋን መምጣት በፊት በኢትዮጵያ ከተሞች እጅግ ተወዳጅ ነበር፤ ኦርጋኑ ከመጣ በኋላ ግን ተገፍቶ ወጣ። ኃይሉ የፈለገው የተገፋውን መሣሪያ መልሶ ከገፉት መሣሪያዎች መካከል ማስቀመጥ ነበር። ስለዚህ ከአኮርዲዮኑ ሥር የኤሌክትሪክ ፒያኖው፣ ሲንተሳይዘሩና ምት የሚመታው ማሽን ይሰማሉ። ዘፋኝ የለም።

እዚህ ላይ ስለ አጨዋወቱ ማውሳት የግድ ነው፤ የሞራሉ ጥያቄ የሚፈታው ከሙዚቃው ውጭ አይደለምና። መሰንቆ ላይ ጣት በጭራው ላይ ሲንሸራተት ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ያለው መንገድ ሁሉ ይሰማል። አኮርዲዮን ግን ቁልፍ ያለው መሣሪያ ስለ ሆነ መንገዱን ይዘለዋል፤ ከድምፅ ወደ ድምፅ እንደ ደረጃ ይረግጣል እንጂ አይንሸራተትም። ኃይሉ ይህን ጉድለት በሁለት መንገድ ያካክሳል። በዋናው ድምፅ ዙሪያ ፈጣንና ጥቃቅን ድምፆችን ይረጫል፤ በተጨማሪም የመሣሪያውን ወናፍ እንደ ሰው ደረት ይጠቀምበታል፤ ሲያጠብቀው ድምፁ ይጨነቃል፣ ሲያላላው ይተነፍሳል። በዚህ ምክንያት አኮርዲዮኑ ቃል ሳይኖረው የሚያንጎራጉር ሰው ይመስላል። የምት ማሽኑ ነገር ግን ሌላ ነው። ማሽን አይደክምም፣ አይሳሳትም፣ አይፈጥንም። በሠርግ ቤት ጨዋታ ሲግል ጭብጨባው ዘፋኙን ተከትሎ ይፈጥናል፣ አንዳንዴም ዘፋኙን ይጎትተዋል። በካሴቱ ላይ አኮርዲዮኑ ሊገሰግስ የቃጣባቸው ቦታዎች አሉ፤ ማሽኑ ግን በጀመረበት ይቀጥላል። የዚህ አልበም እውነተኛ ብቸኝነት የሚሰማው እዚህ ላይ ነው፤ የሚከተለው ሰው የለም። ሌላው ሁሉ፣ ስቱዲዮው፣ ስደቱ፣ የተደረበው ቅጂ፣ የሁኔታ ብቸኝነት እንጂ የሙዚቃው አይደለም።

የዘፋኙ አለመኖር ደግሞ ፍጹም ሌላ ትርጉም አለው። ሸሞንሟናዬን የሚያውቅ አድማጭ ዜማው ሲጀምር ቃሉን ራሱ በሆዱ ያስገባል። የቀረው ወንበር ለእርሱ የተተወ ነው። አዝማሪው ከታዳሚው ስንኝ እንደሚቀበል ሁሉ፣ እዚህ ታዳሚው ከተጫዋቹ ዜማ ተቀብሎ ስንኙን ይሞላል፤ «ተቀበል» የሚለው ጥሪ አቅጣጫውን ቀየረ እንጂ አልጠፋም። አማርኛ የማያውቅ አድማጭ በዚያ ቦታ ላይ የሚሰማው ውበትን ብቻ ነው፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ ወንበሩ ባዶ መሆኑን ግን አያውቅም።

ወሎ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገባው በቅኝት በኩል ነው። ከደሴ ተነሥቶ ሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ የደረሰ መንገደኛ፣ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዝ ባቲን ያገኛል፤ የሰኞ ገበያዋ ደገኛውንና ቆለኛውን፣ አማራውን፣ ኦሮሞውንና አፋሩን የምታገናኘዋን ከተማ። ከደሴ ወደ ሰሜን ቢሄድ ደግሞ ከሐይቅ ባሻገር የአምባሰል ተራራ ይታየዋል። ባቲና አምባሰል፣ ከትዝታና ከአንቺ ሆዬ ጋር፣ የአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ስሞች ናቸው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ባቀረቡት ጥናት እነዚህን ቅኝቶች ለዓለም ምሁራን ካስተዋወቁት ቀደምት ሰዎች አንዱ ነበሩ። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ አለው፤ ልዩነቱ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። አምባሰል ከመነሻው ድምፅ ወደ ሁለተኛው የሚራመደው በጣም አጭር እርምጃ ነው፤ ከዚያ ወደ ሦስተኛው ሰፊ ገደል ይዘልላል። ማሪቱ ለገሠ አምባሰልን ስትዘፍን የሰማ ሁሉ ይህን ርቀት ያለ ኖታ ያውቀዋል።

ቅኝቶቹ በወሎ ብቻ የሚዘፈኑ አይደሉም፤ የደገኛው አገር ሁሉ ይጠቀምባቸዋል። ወሎ ግን ስም ሰጥታቸዋለች። ስለዚህ የደብረ ብርሃኑ ልጅ በዋሽንግተን ብቻውን ሲቀመጥ እጁን የሚመራው ሰዋስው በወሎ ገበያና ተራራ ስም የሚጠራው ነው። ብቻውን የተጫወተ ሰው ብቻውን ያልፈጠረውን ቋንቋ ይናገራል። ይህ አባባል የብቸኛውን ተጫዋች ነጻ የሚያወጣው ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ዕዳውን ይጨምርበታል።

ዕዳው የሚከብደው በዓመቱ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ጥቅምት ወር ከኮረም የተላለፈው የቴሌቪዥን ዘገባ የሰሜን ኢትዮጵያን ረሃብ ለዓለም ካሳየ በኋላ፣ ባቲ የምትታወቀው በገበያዋም በቅኝቷም አልነበረም። በዚያች ከተማ ጫፍ የተተከለው የዕርዳታ መጠለያ ከታላላቆቹ አንዱ ሆነ፤ የባቲ ስም በዓለም ጋዜጦች ላይ ከሬሳ ጋር ተጻፈ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በለንደን የታወቁ ዘፋኞች ተሰብስበው ለረሃቡ አንድ ዘፈን ቀረጹ፤ በ1985 ጥር መጨረሻ በሎስ አንጀለስ ከ40 በላይ ዘፋኞች በአንድ ሌሊት ሌላ ቀረጹ፤ በሐምሌ 13 ቀን ደግሞ በለንደንና በፊላደልፊያ ታላቁ የላይቭ ኤድ ዝግጅት ተካሄደ። በሙዚቃ ታሪክ ይህን ያህል ታዋቂ ድምፅ በአንድ ጉዳይ የተሰበሰበበት ጊዜ ጥቂት ነው። በዚያው 1985 ነው አንድ ኢትዮጵያዊ በዋሽንግተን በትንሽ ክፍል ውስጥ አኮርዲዮኑን አንሥቶ ቃል የሌላቸውን የአገሩን ዜማዎች ብቻውን የቀረጸው።

የከሳሹን ቃል ሳያለዝቡ ማቅረብ ተገቢ ነው። ወገን በባቲ በረሃብ ሲረግፍ ሸሞንሟና ስለምትባል ቆንጆ በአኮርዲዮን መጫወት ምን ይባላል? የዘፈኑ መሬት የሆነው አገር ሲቃጠል ዜማውን ለብቻ ማዜም ሽሽት አይደለምን? እንግዶቹ ለማያውቁት አገር ሲሰበሰቡ የአገሩ ልጅ ብቻውን መቀመጡ ያሳፍራል፤ እንዲህ ይላል ከሳሹ። ክሱ ጉልበት አለው። የታላላቆቹ ዝማሬዎች ገንዘብ እህል ገዝቷል፣ መድኃኒት ገዝቷል፣ የጭነት መኪና ገዝቷል፤ በዚያ እህል ሕይወቱ የተረፈ ሰው ስለ ዝማሬው ጥበባዊ ደረጃ እንዲከራከር ሊጠየቅ አይገባም። በ1980ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያ ሙዚቀኞች «ሕዝብ ለሕዝብ» በተባለው ጉዞ አውሮፓንና ሰሜን አሜሪካን ዞረው ምስጋና ማቅረባቸውም ተገቢ ነበር።

ሆኖም በክሱ ውስጥ ሁለት ዕዳዎች ተቀላቅለዋል። አንዱ የእንጀራ ዕዳ ነው፤ ይህን ዕዳ ሰው የሚከፍለው በሰውነቱ ነው፤ ሙዚቀኛው ከሐኪሙም ከነጋዴውም የበለጠ ወይም ያነሰ አይጠየቅበትም፤ በካሴትም አይከፈልም። ሌላው የዜማ ዕዳ ነው፤ ይህንን ሊከፍል የሚችለው ዜማውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። የለንደኑና የሎስ አንጀለሱ ዝማሬ የመጀመሪያውን ዕዳ ለመክፈል የተነሣ ነበር፤ የሁለተኛውን መኖር እንኳ አላወቀም። በዝማሬው ውስጥ ያ ሁሉ ድምፅ ሲሰማ አንድም የባቲ ድምፅ አልነበረም፤ አንድም የባቲ ርቀት በዜማው ውስጥ አልተሰማም። ባቲ የተዘፈነላት ነበረች እንጂ የምትዘፍን አልነበረችም፤ «ተቀበል» የሚላት እንጂ «ስጪ» የሚላት አልነበረም። ብቸኛው ተጫዋች በበኩሉ ለማንም እህል አልገዛም፤ የተቀባዩን ወንበር ግን አልወሰደም። ከቁጥር አንጻር ዝማሬው የብዙዎች፣ ካሴቱ የአንድ ሰው ሥራ ነው። መልስ የሚሰጥ ሰው የሚቀመጥበትን ቦታ በማዘጋጀት ረገድ ግን ሚዛኑ ወደ ካሴቱ ያደላል። ዝማሬውን በዚህ ማሳነስ አይቻልም፤ ካሴቱን በክሱ ምክንያት መጣልም አይቻልም።

ሌላ የዓመታት ግጥጥሞሽ አለ። የኦልድፊልድ ሸክላ የወጣበት 1973 ከዚያ በፊት የነበረው የወሎ ረሃብ የበረታበት ዓመት ነበር። ግጥጥሞሹ ከቁጥር ያለፈ ትርጉም የለውም፤ የእንግሊዙ ወጣት ስለ ወሎ የሚያውቀው ነገር ሊኖር አይችልም። ስለዚያ ረሃብ የተጻፈ አንድ ሐሳብ ግን ለዚህ ጉዳይ ይጠቅማል። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ በ1973 በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ፣ እንዲያውም ሰው በሚራብበት ጊዜ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የወጣ እህል እንደነበረ አሳይቷል። ረሃብተኛው ያጣው እህልን ብቻ አልነበረም፤ በእህሉ ላይ የሚያቀርበው የይገባኛል ኃይል ነው። በዋናው መንገድ ዳር ቆሞ የነበረው ገበሬ የተጫነ መኪና በፊቱ ሲያልፍ አይቷል። የወሎ ቅኝቶችም በየሸክላው ተጭነው በዚያው መንገድ አልፈዋል፤ ባቲና አምባሰል በአዲስ አበባ፣ በፓሪስ፣ በኒው ዮርክ ሲሰሙ፣ የመጀመሪያዎቹን ዘፈኖች ያወጡት ሰዎች ልጆች በዜማው ላይ የሚያቀርቡት ጥያቄ አልነበራቸውም። እህልና ዜማ አንድ አይደሉም፤ ዜማ ሲወሰድ ለባለቤቱም ይቀራል። ስም ግን ሲወሰድ ሁልጊዜ አይቀርም።

ኃይሉ መርጊያ ከካሴቱ በኋላ የሆነው በብዙ አገር ጋዜጣ የተነገረ ነው። ከመድረክ ርቆ በዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ አሽከርካሪ ሆኖ ለዓመታት ሠርቷል፤ ተሳፋሪ እስኪያገኝ ድረስ በመኪናው ውስጥ በያዘው ትንሽ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። ካሴቱን ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ አሳታሚ በባሕር ዳር ገበያ አግኝቶት፣ ባለቤቱን ፈልጎ፣ ፈቃድ ጠይቆ በ2013 እንደገና አሳተመው። ብቻውን የተጫወተው ሰው ከ28 ዓመታት በኋላ መልስ መጣለት፤ ከባስና ከድራም ተጫዋቾች ጋር በብዙ አገሮች መድረክ ላይ ቆመ። በካሴቱ ላይ የጎደለው፣ ሲፈጥን የሚፈጥን ሰው፣ አሁን ከጎኑ ነበር።

በዚህ ፍለጋ የተገኘው ግን ስሙ በካሴቱ ሽፋን ላይ የተጻፈ ሰው ነው። የቅኝቶቹን ስም የያዙትን የመጀመሪያ ዘፈኖች ያወጡ አዝማሪዎች ሽፋን አልነበራቸውም። ይህን ጉድለት አንድ አሳታሚ ሊሞላው አይችልም፤ የደሴና የኮምቦልቻ መምህራንና የባህል ሠራተኞች ግን አሁንም በሕይወት ካሉ አዝማሪዎች አፍ ሊጽፉት የሚችሉት ብዙ ነገር አለ። ሥራው ጊዜ ይፈልጋል፣ ወረቀት ይፈልጋል፣ የአዝማሪውንም እምነት ይፈልጋል፤ አዝማሪ ደግሞ ከእርሱ የተወሰደውን ስለሚያውቅ በቀላሉ አያምንም።

ዛሬ በደሴም በኮምቦልቻም ሠርግ ላይ አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ የባንዱን ሥራ ሁሉ ሲሠራ ማየት የተለመደ ሆኗል። ከበሮው በቁልፍ ይነሣል፣ ማሲንቆውም ዋሽንቱም በቁልፍ ይመጣል። አረጋውያን ያዝናሉ፤ ሐዘናቸውም ከንቱ አይደለም፤ አራት ሰው ይበላበት የነበረው እንጀራ ለአንድ ሰው ቀርቷል። የኪቦርዱን ተጫዋች ግን በብቸኝነቱ ብቻ መክሰስ ትክክል አይሆንም። የሚጠየቅበት ነገር ሌላ ነው። ማሽኑን ከፍቶ ድምፁን እስከ መጨረሻው ሲያነሣው፣ ጭብጨባው ሲሰጥምና አውጪና ተቀባይ ሲደማመጡ የነበሩት አሮጊቶች አፋቸውን ሲዘጉ፣ የሚጎዳው እዚያ ላይ ነው። ድምፁን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ምቱን በእጁ የሚመታ፣ ሙሽራዋን የሚያሞግሱት እናት ግጥሙን እስኪጨርሱ ድረስ ቁልፉን የሚጠብቅ ተጫዋች ደግሞ አለ። መሣሪያቸው አንድ ዓይነት ነው፤ የተገዛውም ከአንድ ሱቅ ሊሆን ይችላል።

ኃይሉ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አልበም አወጣ፤ በውስጡ ትዝታና አንቺ ሆዬ አሉበት፣ ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ። በአብዛኛው ባስና ድራም አብረውት ናቸው። የመጨረሻው ቁራጭ «የፍቅር እንጉርጉሮ» ይባላል። እዚያ ላይ ጓደኞቹ የሉም፤ የምት ማሽኑም የለም። በ70ዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው ለብቻው ፒያኖ ላይ ተቀምጦ፣ አንዱን ሐረግ ተጫውቶ ያቆማል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ ከዚያም ሌላውን ይጀምራል።